አሥር ጣት ሙሉ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሁለት የእግር ጥፍር፤ የዝናብን መምጣት ከሬዲዮው ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ጉልበት፤ ከእንግዲህ ቀጥ የማይል አንድ ጣት፤ የአንድ ዊንተር የቅዳሜ ገበያ፤ እንዲሁም ሚስቴ ዘንድ የነበረኝ ክብር። የመጨረሻው ድሮም ብዙ ስላልነበረ ከኪሳራ አልቆጥረውም። ሌላም የወጣ ነገር አለ፤ እሱን ግን ነጋዴ ስለሆንኩ ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ። ዋጋውን በር ላይ የሰማ ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም።

ሱቄ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ከቆሙት ሦስት ሱቆች መሐለኛው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ የስልክ ካርድ፣ የሠርግ ልብስ፣ ቱታና የመኪና ሽቶ እሸጣለሁ። እነዚህ አንድ ላይ አይሄዱም የሚል ሰው ነግዶ አያውቅም። በግራዬ ከድር አለ፤ የደሴ ልጅ ነው፣ የሐላል ሥጋ ቤት አለው፣ ከወንበሩ የሚነሣው በግ ሲመጣለት ብቻ ነው። በቀኜ ዶኛ ማርታ የምትባል የሳልቫዶር ሴት ልብስ ማጠቢያ አላት። የሦስታችንም አከራይ ግሬግ ይባላል። አውስትራሊያዊ ነው፤ አሜሪካዊት አግብቶ እዚሁ የቀረ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ በረዶ ሲጥል በቁምጣ የሚሄድ ሰው። በወሩ መጀመሪያ ቼኩን ሊወስድ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀናል፤ "እንዴት ናችሁ?" ይህችን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

ታዲያ አንድ ቀን ከድር ሽርጡን እንደታጠቀ መጣና ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈ። ከወንበሩ መነሣቱን ሳይ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት።

"አንድ ሰውዬ ሜትር ይዞ የሱቅህን ግንባር ሲለካ ነበር" አለኝ።

"የኔን ብቻ?"

"የኔንም ለክቷል። ሞባይል የሚሸጥ ሰው ነው አሉ። ግድግዳውን አፍርሶ ሁለቱን አንድ ሊያደርጋቸው ነው።"

የሁለታችንም ሊዝ፣ የኪራይ ውላችን ማለት ነው፣ የሚያልቀው በረዶው ሲቀልጥ ነበር። ይህ ሱቅ ከእጄ ከወጣ ወደ ፓርኪንግ ሥራዬ መመለሴ ነው። ከዚያ ስወጣ ደግሞ ለአለቃዬ የተናገርኩት ነገር፣ ተመልሶ የማይመጣ ሰው ብቻ የሚናገረው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ያ ሊዝ መታደስ ነበረበት። ከዚህ በኋላ የማወራላችሁን ሁሉ ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ እያነበባችሁ "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" ባላችሁ ቁጥር ወደዚህ መስመር ተመለሱ።

ሚስቴ ሮማን ነገሩ ቀላል ሆኖ ታያት። "ቢሮው ሂድና ሊዙን አድስልኝ በለው" አለችኝ። ሮማን እንዲህ ናት፤ የምትፈልገውን ነገር የሚሰጣትን ሰው ራሱን ትጠይቃለች። እኔ ግን መርካቶ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰው ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን አይናገርም፤ ደጅ ይጠናል። ጠዋት ሲወጣ እጅ ትነሣለህ፣ ማታ ሲገባ እጅ ትነሣለህ፣ ዘመድ ሲሞትበት ከሱ በላይ ታለቅሳለህ። አንድ ቀን ራሱ ዞር ብሎ "ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" ይላል። ያን ጊዜ ጉዳይህ አለቀ ማለት ነው።

ችግሩ ግሬግ ደጅ የለውም። ጋራዡ በሪሞት ይከፈትና ሰውዬውን ከነመኪናው ውጦ ይዘጋል፤ እጅ የምትነሣው ለጋራዥ በር ነው። የሚሞትበት ዘመድም በዚህ አካባቢ የለውም፤ ያሉት ሁሉ አውስትራሊያ ናቸው፣ እነሱም ጤነኞች ናቸው። ከድር ግን አጣርቶ ኖሯል። ሰውዬው በየቅዳሜው ጠዋት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ ሜዳ ላይ፣ የአገሩን እግር ኳስ የሚጫወት ክለብ ያሠለጥናል።

"እዚያ ጥናው" አለኝ። "ሳምቡሳ ይዘህ ሂድ።"

"አንተስ?"

"ቅዳሜ ሥጋዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ለሁለታችንም ጥና።"

የመጀመሪያው ስሕተቴ የልብስ ነው። ሱፍ ለብሼ ልወጣ ስል ሮማን "ለሜዳ ሱፍ?" ብላ ሳቀችና ሳይሸጥ ከከረመው ዕቃ ውስጥ አንድ ቱታ አወረደችልኝ። ያልተሸጠው በምክንያት ነው፤ ቀለሙ መንገድ ሲቆፈር ዳር ዳሩን የሚያቆሙት ኮን ነው። እሱን ለብሼ፣ ከተማውን የሚከበውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ዞሬ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሳምቡሳዬን በትሪ ይዤ ከሜዳው ዳር ቆምኩ።

ግሬግ ከሩቅ አየኝ። ትሪውን ያየ አልመሰለኝም፤ ያየው ቱታውን ነው። ፊቱ በራ። ትከሻዬን አቅፎ ወደ መሐል አስገባኝና "ከኢትዮጵያ ነው" ብሎ አስተዋወቀኝ። ሁሉም ባንድ ላይ እግሬን አዩ። እኔ በዕድሜዬ የሮጥኩት አውቶቡስ ሲያመልጠኝና ደንብ አስከባሪ ሲመጣብኝ ብቻ ነው። አውቶቡሱን አልደረስኩበትም፤ ደንብ አስከባሪው ግን ደርሶብኛል።

ሯጭ አይደለሁም፣ እጅ ልነሣ ነው የመጣሁት ማለት ይቻል ነበር። ነጋዴ ግን ደንበኛው ዕቃውን ከሚገባው በላይ ሲያደንቅለት ዝም ነው የሚለው። ዝም አልኩ። አንዱ ትሪዬን ተቀበለኝና ወደ መስመር ገባሁ።

ስለ ጨዋታው ትንሽ ልንገራችሁ። ኳሷ ክብ አይደለችም፤ የደረሰች ፓፓያ በሏት። በእግር ትመታለች፣ በቡጢም ትመታለች፣ ይዘዋት ሲሮጡ ደግሞ በየመሐሉ መሬት ላይ ማንጠር ግዴታ ነው። ክብ ያልሆነ ነገር አንጥራችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ቀኝ ነኝ ትልና ወደ ግራ ትሄዳለች። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ደላላ አውቅ ነበር። ውድድሩ የሚጀመረው ብርዱ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ወራት ሁሉ ሰውነታቸውን ለውድድሩ ሲያዘጋጁ ይከርማሉ። ማለትም እኔ የደረስኩት ጨዋታው ላይ አይደለም። ጨዋታው የሌለበት፣ ስቃዩ ብቻ ያለበት ክፍል ላይ ነው።

ልምምዱ ሳይጀመር ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ግሬግ እየዞረ እያንዳንዱን "ሰውነትህ ዛሬ እንዴት ነው?" ይለዋል። የተጠየቀው በጣቱ ያሳያል፤ አሥር ማለት ምንም አላመመኝም፣ አንድ ማለት ቅበሩኝ ነው። ጣቱ ያነሰውን ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠዋል፤ ጣቱ የበዛውን ያደቀዋል።

እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። ጄሰን የሚባል፣ በር የሚያህል የእሳት አደጋ ሠራተኛ አራት ጣት አነሣና ባቱን እንደሚያመው፣ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ከፍቅረኛውም ጋር እንደተኳረፈ ለዚያ ሁሉ ሰው ዘረዘረ። ማንም አልሳቀበትም። አንዱ እንዲያውም ጀርባውን አሸት አሸት አደረገለት። እኛ ዘንድ እኮ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ እንዴት ነህ ሲሉት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው። ከዚያ ነው ቀስ ተብሎ፣ በዘመድ በኩል፣ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው። ተራው ደረሰኝ። አሥር ጣቴን ዘረጋሁ።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ፣ በእንግሊዝኛ።

"ሱቁስ?"

"ሱቁም ደህና ነው። ሥራ ጥሩ ነው፣ ተመስገን።"

ይህችን ሁለተኛዋን ያልኳት በብልሃት ነው። ገበያ ቀዝቅዟል ካልከው አከራይ ሌላ ተከራይ መፈለግ ይጀምራል። ጣሪያው ልክ ከጤፉ በላይ እንደሚያፈስ፣ ማሞቂያው ድምፅ እንጂ ሙቀት እንደማያወጣ አልተናገርኩም። እጅ ሊነሣ የሄደ ሰው ክስ አያቀርብም።

እንግዲህ አሥር ያሳየ ከአሥሮቹ ጋር ነው። አሥሮቹ እኔና ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ጎረምሶች ነበርን። አንድ ማሽን ጢጥ ይላል፤ ጢጥ ሳይል ከአንዱ ኮን ወደ ሌላው ኮን መድረስ ነው። መጀመሪያ ላይ ጢጡ ጨዋ ነው፤ እየቆየ ግን አበዳሪ ይመስል መቻኮል ይጀምራል። እኔ መሐል ላይ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። አንደኛው ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ እየበረረ መጣና በኔ ዞሮ ተመለሰ። የቱታዬን ቀለም አይቶ ኮን መስዬው ነው። ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ አልኩት።

በማግሥቱ እጄ ከደረቴ በላይ አልወጣ አለ። ሱቅ ውስጥ ከትከሻዬ በላይ የተደረደረውን ዕቃ ሁሉ "አልቋል" እያልኩ መሸጥ ጀመርኩ። አንዲት ትልቅ ሴት ቀና ብለው እያዩ፣ "ልጄ፣ ያ የተቀመጠው ሽሮ አይደለም እንዴ?" ቢሉኝ፣ "የሰው አደራ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። ሳነክስ ያዩኝ ደንበኞች ምን ሆንክ ይሉኛል፤ ደህና ነኝ እላለሁ። ሰው ደህና ነኝ እያለ ካነከሰ ደግሞ ምክንያቱን ሌሎች ይፈልጉለታል። ሚስቱ ትደበድበዋለች ተባለ። ወሬው ከወንዙ ማዶ፣ ውድብሪጅ ድረስ ሄዶ በስልክ ተመለሰልን። ሮማን አላስተባበለችም፤ "ይበሉ፣ ዱቤ ያለባቸውም ቶሎ ይከፍላሉ" አለች።

ሁለተኛው ቅዳሜ ክቡ ውስጥ ስቆም እጄ እስከ እምብርቴ ብቻ ነበር የተነሣው። እዚያው እምብርቴ ላይ አሥሩንም ዘረጋሁ። ያን ቀን ደግሞ ግሬግ አንድ ትልቅ የቆሻሻ በርሜል ውሃና በረዶ ሞልቶ ጠበቀን። የደከመ ሰውነት በረዶ ውስጥ ሲነከር ቶሎ ይመለሳል አሉ። ሰማዩ ራሱ በረዶ እየጣለ ነው፤ የእነሱ በረዶ ግን ከሱቅ የተገዛ ነው። ማን ይጀምር ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ አሥር ነኛ። ገባሁ፣ እስከ አንገቴ። ግሬግ ሰዓቱን ይዞ እያየኝ "እንዴት ነህ?" አለኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ መናገር ስላቃተኝ ሁለት እጄን ከውሃው አውጥቼ አሥር ጣት አሳየሁት።

ይህንን ለከድር ስነግረው ቢላውን አስቀመጠ።

"እኔ እንኳ በጉን በረዶ ውስጥ የምከተው ከታረደ በኋላ ነው" አለ። ቀጠለና፣ "ስለ ሊዙ አነሣ?"

"ገና ነው።"

"ጥና፣ ጥና" አለኝ፣ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ።

ጠናሁ። ጄሰን እየተንደረደረ የሚላተምበትን ፍራሽ የሚያህል ትራስ ያዥ ሆንኩ፤ ትራሱ አልተጎዳም። ዳገት በሩጫ ወጣሁ፤ ጥፍሮቼ የተሰናበቱኝ ያን ጊዜ ነው። ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ለጉዳዩ ብቻ አልነበረም የምሄደው። ግሬግ በየሳምንቱ ለጎረምሶቹ "እሱን እዩት፤ አንድ ቀን አጉረምርሞ አያውቅም" ይላቸዋል። እኔን አርአያ አድርጎ ያሳየ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንኳ ያሳዩኝ የነበረው ለሌላ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ዊንተሩን ሙሉ አሥር ሲል የከረመ ሰው በየትኛው አፉ ነው አንድ ቀን ተነሥቶ ስድስት የሚለው? ጣቴ አሥር ላይ ተጣብቆ ቀረ። ግሬግ "ሱቁስ?" ይላል፤ እኔ "ጥሩ ነው፣ ተመስገን" እላለሁ። ስለ ሊዙ ግን እሱም አያነሣ፣ እኔም አላነሣ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ውድድሩ ይጀመራል፤ ሊዙም የሚያልቀው ያኔ ነው። ያን ቀን እርስ በርስ ተጋጥመው ማን ለውድድሩ እንደደረሰ ይታያል። እኔም ዛሬ እሱ ነገሩን ካላነሣው ፈረሴን ጋልቤ፣ ማለትም እያነከስኩ፣ ቢሮው ሄጄ ልጠይቀው ለራሴ ማልኩ። ጉልበቴ ግን ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር። ፍሬን መርገጥ ስላቃተኝ የነዳችልኝ ሮማን ናት፤ ሱቁን ከድር እያየልን፣ ማለትም ከወንበሩ ላይ ሆኖ።

ክቡ ተሠራ። ሮማን ከዳር ቆማለች። ግሬግ ፊቴ ሲደርስ አሥር ጣቴን ዘረጋሁ።

"አንተ ሰውዬ" አለችኝ በአማርኛ፣ "ዛሬ ጠዋት ደረጃውን በቂጥህ አይደለም እንዴ የወረድከው?"

ግሬግ ምን አለች አለኝ። "ትመርቀናለች" አልኩት። አመሰገናት።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ኳሷ ወደማትመጣበት ጥግ ሄጄ ቆምኩ። ይህች ኳስ ግን ወደማይጠብቃት ሰው ነው የምትሄደው። ከሰማይ ወረደችና ደረቴ ላይ ዐረፈች፤ ያዝኳት ሳይሆን እጄ መሐል ቀረች። አንድ ጣቴ ቀጭ ሲል ተሰማኝ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። በሕጋቸው ከሩቅ የተመታች ኳስ አየር ላይ የያዘ ሰው አይነካም፤ ረጋ ብሎ አስቦ ይመታል። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ የወደድኩት ሕግ ይህ ብቻ ነው። እስካልመታኋት ድረስ ማንም አይነካኝም ማለት ነው። ስለዚህ አልመታኋትም። ኳሷን አቅፌ ቆምኩ፤ ልክ በግብር ወቅት እንደማደርገው ጸጥ አልኩ። ዳኛው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ እጁን አወናጨፈና "ቀጥሉ" አለ። ለካ ሕጉ ትዕግሥት የለውም። ያን ቀን ዘጠኝ ጣት አሳይቶ የነበረው ጄሰን ከነዘጠኙ መጣብኝ።

ጭቃው ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ የግሬግ ፊት ከሰማዩ በታች ታየኝ። "እንዴት ነህ ወዳጄ?" አለኝ። እጆቼን አነሣሁና ጣቶቼን ዘረጋሁ። ዘጠኙ ቆሙ። አሥረኛው ወደ ጎን ታጥፎ አልነሣ አለ።

"ዘጠኝ" አለ ግሬግ፣ ፊቱ ተለዋውጦ። "ዘጠኝ ብሎ አያውቅም። ቶሎ አንሡት።"

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጉልበቴ ላይ በረዶ አሰሩልኝ፤ ጣቴን በአይስክሬም እንጨት ደግፈው ጠቀለሉት። ሮማን መኪናውን ልታቀርብ ሄደች። ግሬግ አጠገቤ ተቀመጠና እነዚያን ቅዳሜዎች ሁሉ ስጠብቀው የከረምኩትን ነገር ራሱ አነሣው። ደጅ ጥናት አሌክሳንድሪያም ይሠራል ማለት ነው።

የሞባይሉ ሰውዬ ለሱቆቹ ከኛ የበለጠ ኪራይ አቅርቦለት ኖሯል። እሱ ግን የቆየ ተከራይ ማስወጣት አይወድም። ስለዚህ ከመወሰኑ በፊት እያንዳንዳችንን እንዴት ናችሁ ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ በወሩ መጀመሪያም፣ በሜዳውም። ዶኛ ማርታ የማሽኖቿን መሰበር፣ የወገቧን ሕመም፣ የደንበኛውን መራቅ አንድ በአንድ ስትነግረው ኪራይዋን ሳይነካ አደሰላት።

"አንተ ግን በየሳምንቱ ሥራ ጥሩ ነው ትለኛለህ" አለኝ። "ሰውዬው ያቀረበውን ኪራይ ብትከፍል ሱቁ ላምስት ዓመት ያንተ ነው። ይከብድሃል? እውነቱን ንገረኝ።"

እውነቱን ንገረኝ የሚል አከራይ መርካቶ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ወጥመድ ነው ተብሎ ማንም አይመልስለትም ነበር። ጣሪያው ጫፍ ምላሴ ላይ መጣ። ማሞቂያውም ተከትሎት መጣ። የገበያው መቀዝቀዝ፣ የስልክ ካርዱ ገዢ ማጣት፣ ሁሉም ሰልፍ ይዘው አፌ ውስጥ ቆሙ። ዘንድሮ ከብዶኛል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ቀና ስል ጄሰንና ጎረምሶቹ ከፊቴ ቆመው፣ አንድ ቀን አጉረምርሞ የማያውቀውን ሰውዬ በአድናቆት ያዩታል።

"ደህና ነው" አልኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

ግሬግ ደስ ብሎት እጄን ጨበጠኝ፤ በተሰበረው ጣት በኩል።

መኪና ውስጥ ሮማን ምን አለህ አለችኝ። ሱቁ የኛ ነው አለ አልኳት። በስንት አለችኝ። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ነገርኳት። "ጣሪያውንስ ነገርከው?" አለች። አልተመቸኝም አልኳት። ሮማን መንገዱን እያየች ነዳች። ስትናገረኝ ለምጄዋለሁ፤ ዝም ስትል ነው የምኮማተረው።

ሱቅ ስንደርስ ከድር ወንበሩ ላይ ነው። ሊዙ መታደሱን ነገርኩት።

"የኔም ታድሷል" አለኝ። "ትናንት ደውሎልኝ ነበር፤ ልነግርህ ስል ረሳሁት። ሥራ እንዴት ነው አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"ምን እለዋለሁ? አልሐምዱሊላህ አልኩት።"

ተያየን። ኪራዩ እንደኔው ጨምሯል፤ ዓመቱም እንደኔው አምስት ነው። እሱ ግን በርሜል ውስጥ አልገባም።

ሒሳቡ እንግዲህ ይኸው ነው። ሱቁ አለ። ኪራዩ ጨምሯል። ጣሪያው ያፈሳል። ቱታው አልተሸጠም።